የሳትንበት ቅዳሜ

ቁጥሩን እናስቀድም። የሚያሳፍር ነገር ቶሎ ከተነገረ ይቀላል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኛ አራት የቀጨኔ ልጆች እያንዳንዳችን 9፣ በድምሩ 36 ፍላጻ ለቀቅን። ጭድ የጠቀጠቅንበትን ጆንያ ያገኙት 7 ናቸው። 29ኙ ሳቱ። ከሳቱት አንዱ ባህር ዛፍ ላይ ተሰክቶ ቀረ፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም። ከሳምንት በፊት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርቀት፣ በዚያው ጆንያ ላይ 22 አግኝተን ነበር። ታዲያ ምን ነካን? አራት ሰው በሰባት ቀን ውስጥ እንዴት ተያይዞ ይደድባል?

ይኼ ጽሑፍ ስለዚያ ቅዳሜ ነው። ስለ ውጤቱ ሳይሆን ከውጤቱ በኋላ ስላደረግነው ነገር። እውነቱን ለመናገር 29 ጊዜ መሳት ያደረሰብን ጉዳት ትንሽ ነው። ትልቁን ጉዳት ያደረስነው እኛው ነን፤ ያውም መሳታችንን ካወቅን በኋላ።

“ኳስ አይሻላችሁም?”

መጀመሪያ ግን “ቀስት? አዲስ አበባ ላይ?” እያለ ግንባሩን ለሚቋጥር አንባቢ መልስ አለብን። ይኼንኑ ጥያቄ የሰፈር ሰው በየሳምንቱ ይጠይቀናል። ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ዳገቱን ስንወጣ በቱታ የሚሮጡ ልጆች እየቀደሙን ይሄዳሉ። ሯጭ አይቶ የሚገረም የለም፤ ይኼ ዳገት የሯጭ አገር ነው። እኛ ግን ረጅም ነገር በጨርቅ ጠቅልለን ስለምንሄድ አንዱ ዣንጥላ፣ አንዱ ክራር፣ አንዱ ደግሞ (እግዚአብሔር ይይለት) ሌላ ነገር ይመስለዋል። “ምንድነው እሱ?” “ቀስት።” “ቀስት ምን ይሠራል?” “ይወረወራል።” “ኳስ አይሻላችሁም?”

ቀስት ከገና፣ ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከሻህና ከፈረስ ጉግስ ጋር በባህል ስፖርቶች ውድድር ከሚካሄዱት አንዱ ነው። እኛ የገባንበት ምክንያት ግን እንደዚህ ከባድ አይደለም። አንድ ወዳጃችን ከአሶሳ ሲመለስ የቀርከሃ ደጋን ይዞልን መጣ። ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። አንድ ቀን አወረድነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ መመለስ አቃተን። ፍላጻውን ከሸምበቆ ራሳችን ሠራን፣ ላባውን ከበዓል ዶሮ ሰበሰብን፣ አጣበቅን። ጆንያችንን የምናቆመው ከኋላው ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ ባለበት፣ ሰው በማያልፍበት ቦታ ነው። አንዳችን ሁልጊዜ መንገድ እንጠብቃለን። ስለዚህ የቀጨኔ ሰው ሆይ፣ አትስጋ።

ደግሞም ደጋን ለሰፈራችን እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት መሣሪያ ስሙ ደጋን ነው። ቅርጹም ያው ነው፤ የጎበጠ እንጨትና የተወጠረ ጅማት። ጅማቱ ጥጡ ውስጥ እየተነዘረ ባዘቶ ያደርገዋል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉ ሸማኔ ጋ ይሄዳል። ንብም ትነድፋለች፣ ጥጥም ይነደፋል፣ ዕቅድም ይነደፋል፤ በግዕዝማ ቀስት መስደድም በዚሁ ግስ ይነገራል። እንግዲህ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ በሞላበት በቀጨኔ ደጋን ተሸክሞ መሄድ የሚያስገርም ከሆነ ያስገረመው ደጋኑ ሳይሆን ተሸካሚዎቹ ነን ማለት ነው።

የትውልድ ሐረግ እንቁጠር ካልንም አለን። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ታሪክ ውስጥ፣ የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሰስ ለኢትዮጵያ ንጉሥ ስጦታ አስይዞ ሰላዮች ይልካል። (የሄሮዶቱስ “ኢትዮጵያ” ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ሰፊ ምድር ነው፤ ቀጨኔን በቀጥታ አይመለከትም። እኛ ግን ዘመድ ነን ብለን ወስደነዋል።) ንጉሡ ነገሩ ገባው። ለሰላዮቹ አንድ ትልቅ ደጋን ሰጥቶ መለሳቸው፤ ፋርሶች ይኼን የሚያህል ደጋን እንደኛ በቀላሉ መሳብ የቻሉ ዕለት ይምጡብን የሚል መልእክትም ጨመረበት። ይኼን ታሪክ ያነበብን ሰሞን ለሁለት ሳምንት ያህል አንገታችንን ቀና አድርገን ነው የሄድነው። የታሪኩን ቀጣይ ክፍል ያነበብነው ግን ዘግይተን ነው። እሱን ቆይተን እናወራዋለን።

ጥፋተኛ ፍለጋ

ወደ ቅዳሜው እንመለስ። ለማጣሪያ ውድድር ሦስት ሳምንት ቀርቶን ነበር። ይኼ አንዱ ችግር መሆኑን ዛሬ እናውቃለን፤ ያኔ አላወቅንም። ሌሊቱን ካፊያ ነበር፤ ሣሩ ረጥቧል። ከመካከላችን አንዱ ከሌሊት ሥራ ቀጥታ ነው የመጣው። ሁለቱ ቁርስ አልበሉም። አራተኛው ቁርስ በልቷል፤ ግን ማታ ከቤተሰቡ ጋር ተጣልቷል። ማን ማን እንደሆነ አንናገርም። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለነው “እኛ” ብቻ ነን፤ ምክንያቱም በኋላ ይገለጻል።

የመጀመሪያዎቹ ፍላጻዎች ወደ ቀኝ ሲሄዱ “ነፋስ ነው” አልን። ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። የሚቀጥሉት ዝቅ ሲሉ “ላባው ነው” አልን። እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለን፤ የረጠበ ላባ ይተኛል፣ የተኛ ላባ ፍላጻውን አያቀናውም። ደርቀው የወጡትም ሲስቱ “ደጋኑ ደክሟል” አልን። ደጋኑ ያው ነው። በመጨረሻ የሚወቀስ ዕቃ ሲያልቅብን ሰው ጀመርን።

“አንተ ለምን ታጣድፈናለህ?”

“አንተ ከኋላ ቆመህ ስትተነፍስ እኔ እንዴት ላነጣጥር?”

“መተንፈስ ላቁም?”

“ብታቆም ደስ ይለኛል።”

ዛሬ ስንጽፈው ያስቃል። ያኔ የሳቀ ሰው አልነበረም።

36ቱ የተቆጠሩት ናቸው። ያልተቆጠሩም አሉ። “አንድ ዙር ብቻ እንጨምር” አልን። ቁማር የሚጫወት ሰው ያውቃታል ይቺን ዓረፍተ ነገር። የተጨመረው ዙር ከተቆጠረው ባሰ። ሌላ “አንድ ዙር ብቻ” መጣ። ትከሻችን ዝሏል። ቀስት ሲሳብ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ክንድ ሳይሆን በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል ያለው የጀርባ ጡንቻ ነው። እሱ ሲዝል ክርን ይወርዳል፣ ጣት ጅማቱን መልቀቅ ትቶ መንጨት ይጀምራል፣ ፍላጻውም ገና ሲነሳ ይጣመማል። ማለትም ከዚያ በኋላ የለቀቅናቸው ሁሉ ልምምድ ነበሩ፤ መሳትን መለማመድ። ሰውነት የሚደጋገምለትን ነገር ይማራል። በንዴት ይሁን በፍላጎት አይጠይቅም።

ከዚያ የሆነው ሆነ። ከመካከላችን አንዱ ደጋኑን አነሳ፤ ፍላጻ የለበትም፤ ጅማቱን በንዴት እስከ ጆሮው ሳበው፤ ለቀቀው።

ቀስት የነካ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚማራት ሕግ አንድ ናት፤ ባዶ ደጋን አይለቀቅም። የተሳበ ደጋን ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት ሲለቀቅ አብዛኛውን ይዞት የሚሄደው ፍላጻው ነው። ፍላጻ ከሌለ ያ ጉልበት መሄጃ ያጣል፤ ተመልሶ እንጨቱንና ጅማቱን ይመታል። እኛም ይኼን እናውቃለን። ማወቅና መናደድ ግን አንድ ቤት አያድሩም። ጧ! አለ። ቀርከሃው ከመያዣው በላይ፣ በቁመቱ፣ የጣት ርዝመት ያህል ተሰነጠቀ።

ከአሶሳ የመጣው አንድ ደጋናችን። ሦስት ሳምንት ለቀረው ማጣሪያ።

ያ ዝምታ ከጭቅጭቁ ይከፋ ነበር። ማንም “አንተ ነህ” አላለም። ሦስታችንም ግን አስበነዋል፤ አራተኛው ማሰባችንን አይቷል። ዕቃችንን ጠቅልለን ቁልቁል ወረድን። ሁልጊዜ አራት ሆነን የምንወርደውን መንገድ ያን ቀን አንድ አንድ ሆነን ወረድነው።

ጭቃ

ቀጨኔ የሸክላ አገር ነው። አዲስ አበባ ቡናዋን የምታፈላበት ጀበና፣ እንጀራዋን የምትጋግርበት ምጣድ ከየት እንደሚመጣ ብዙ አትጠይቅም እንጂ፣ ብትጠይቅ መልሱ ከዚህ መንደር ሴቶች እጅ ላይ ነው። ለረጅም ዘመን ይኼ ከተማ እነዚህን ሴቶች “ቡዳ” እያለ ዓይናቸውን ሲሸሽ፣ በጀበናቸው ግን ቡናውን እስከ በረካ ሲጠጣ ኖሯል። እነሱም ስድቡን ሰምተው ጭቃቸውን አቦክተዋል።

ከመካከላችን የአንዱ እናት ሸክላ ሠሪ ናቸው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። በራቸው ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብለው እየሠሩ ነበር። እማማ ማሽከርከሪያ አያውቁም፤ ጭቃውን በእጃቸው ያነሳሉ፣ በእጃቸው ያዞራሉ፣ በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል። አራት ሰው ተራርቆ ሲገባ ቀና አሉ።

“ምነው ልጆቼ፣ ሰው ሞተ?”

“ኧረ የለም እማማ።”

“ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ ፊታችሁ የጠቆረ?”

ነገርናቸው። 36ቱን፣ 7ቱን፣ የተሰነጠቀውን። ማን እንደሰነጠቀው አልነገርናቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። አጠገባቸው ጥላ ውስጥ ሊደርቅ የተቀመጠ ጀበና ነበር። አነሱት፣ አዟዟሩት፤ አንገቱ ሥር ቀጭን ስንጥቅ ወጥቶበታል። ምንም ሳይሉ ሰባብረው ሳህን ውስጥ ጨመሩትና ውሃ አፈሰሱበት።

እኛ ደነገጥን። “እማማ! ስንት ጊዜ የደከሙበትን?”

“ጭቃ ነው’ኮ” አሉ። “ገና ጭቃ ነው። እሳት ካየ በኋላ ቢሆን ነበር የሚያሳዝነኝ። እሳት ያየ ገል ነው፤ ውሃ ቢያፈሱበት አይመለስም። ይኼ ግን ነገ ይቦካል።”

ቀጥሎ የነገሩን ለእኛ ከሁሉም በላይ ነበር። ሁሉም ቀን እኩል እንዳልሆነ ነገሩን። እጅ የማይታዘዝበት ቀን አለ፤ ጭቃው ያው፣ ሰውየዋ ያቺው፣ እጁ ግን እምቢ ይላል።

“ያን ዕለት ምን ያደርጋሉ?” አልናቸው።

“እጅ እምቢ ባለ ዕለት ምጣድ አይጀመርም። ምጣድ ሰፊ ነው፤ ትንሽ ስህተት ይበቃዋል። ማጨሻ እሠራለሁ። ትንሽ ናት፣ አትሰነጠቅም። አንድ ሁለት ስሠራ ከእጄ እታረቃለሁ። ከዚያ እነሳና ቡናዬን አፈላለሁ።”

“ባይታረቁስ?”

“ነገ የለም እንዴ?”

ቡና ጠጣን። ፍርፍር በላን። ከሁለተኛው ሲኒ በኋላ ከመካከላችን አንዱ “እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ ይቅርታ” አለ። ሌላው “እኔ ነኝ ‘አንድ ዙር ብቻ’ ያልኩት” አለ። ሌላው “እኔ ነኝ ሳልተኛ የመጣሁት” አለ። አራተኛው የሚናዘዘው ሲያጣ “እኔ ነኝ ጮክ ብዬ የተነፈስኩት” አለና ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ዕለት ጀምሮ “አንተ ሳትክ” የሚባል ነገር የለም፤ “ሳትን” ነው የምንለው። ይኼ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው “እኛ” የሚለው ለዚህ ነው።

ቆይተን እናወራዋለን ያልነው የሄሮዶቱስ ታሪክም እዚህ ላይ ይገባል። ያ የኢትዮጵያ ደጋን ፋርስ ዘንድ ደረሰ። ከፋርሶች ሁሉ ሁለት ጣት ያህል እንኳ ሊስበው የቻለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የንጉሡ የካምቢሰስ ወንድም ስመርዲስ። ካምቢሰስ ቀናበት። በዚያ ቅናት ወደ ፋርስ መለሰው፤ ቆይቶ ደግሞ አስገደለው። ደጋኑ ጠላትን ሳይነካ ወንድምን ከወንድም ለየ። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አንብበን አንገታችንን ቀና ያደረግን ሰዎች፣ ሁለተኛውን ክፍል ዳገቱ ላይ ልንደግመው ምንም አልቀረንም ነበር።

መሳት ማለት

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ደግ ቋንቋ ነው። “ፍላጻው ሳተ” እንላለን። “ስህተት” የምንለውም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። ግሪኮችም አዲስ ኪዳን ውስጥ ኃጢአት ለሚባለው ነገር የተጠቀሙበት ሐማርቲያ የሚል ቃል መነሻው ኢላማን መሳት ነው። እንግዲህ ስህተት በሥሩ ሲታይ የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። ፍላጻው እዚህ መሄድ ሲገባው እዚያ ሄደ። ስለ ወርዋሪው ዘር፣ ዕጣ ፈንታና ጭንቅላት የሚናገረው ነገር የለም። እኛ ግን ምን አደረግን? “ሳትን” የሚለውን ግስ ወስደን “ደደብ ነን” ወደሚል ፍርድ ቀየርነው። ከዚያ ፍርዱን ለማስቀልበስ ስንሯሯጥ ደጋኑን ሰበርነው።

ይኼ የቀስት ነገር ብቻ ቢሆን ባልጻፍነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሰፈራችን ታናናሾች እዚያ ውስጥ ነበሩ። “አለቀልኝ” ብሎ በር ዘግቶ የተኛ እናውቃለን። በአንድ ውጤት ተነስቶ ራሱን ገል ያደረገ ስንቱ ነው? ጭቃ ሆኖ ሳለ! (ፈተናው፣ ትምህርቱና ሥርዓቱ ራሱን የቻለ ጸብ ነው፤ ሌላ ቀን እንጣላበታለን።)

የዓለሙን ትልልቅ ወርዋሪዎች ብናይም ነገሩ ይኼው ነው። ደቡብ ኮሪያዊው ኢም ዶንግ ህዩን የዓይኑ እይታ በጣም ደካማ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በለንደን ኦሎምፒክ የምደባ ዙር ከ70 ሜትር በ72 ፍላጻ ከ720 ነጥብ 699 አምጥቶ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በግል ውድድሩ ተሸንፎ ያለ ግል ሜዳሊያ ቀረ። ሰውየው ያው፣ ሜዳው ያው። ታዲያ የትኛው ቀን ነው “እውነተኛው” ኢም? ሁለቱም።

የራሳችንንም እንጥቀስ። ቀስት ከ1920 በኋላ ለ52 ዓመት ከኦሎምፒክ ጠፍቶ የተመለሰው በ1972 በሙኒክ ነው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። በዚያው ሙኒክ ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ፤ የ5 ሺህ ሜትር ውድድሩን ግን መነሻው ላይ ሳይደርስ አመለጠው። በ1976 አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሞንትሪያልን አድማ መታች። እንግዲህ ያ የሙኒክ ቀን ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይታረም ተቀመጠ። በ1980 በሞስኮ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። “ማርሽ ቀያሪው” ማርሽ ከመቀየሩ በፊት ስንት ጠዋት ማንም ሳያየው እንደሮጠ ማን ቆጠረው?

ማጨሻ መሥራት

ሰኞ ማታ ተሰብስበን ደንብ አወጣን። ቀስት ባትወረውሩም ይጠቅማችኋል ብለን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቅርጹ ከተበላሸ ቆጠራ ይቆማል። በተከታታይ ሦስት ፍላጻ ክርን ወርዶ ከተለቀቀ ያ ሰው ደጋኑን ያስቀምጣል። “አንድ ዙር ብቻ” የሚል ሰው የሁላችንንም ቡና ይከፍላል። (እስካሁን ሁለት ጊዜ ተከፍሏል።)

ሁለተኛ፣ ምክንያት በቅደም ተከተል ይፈለጋል። መጀመሪያ ሰውነት፤ ተኝተሃል? በልተሃል? ቀጥሎ ዕቃ፤ ላባው ደረቅ ነው? ጅማቱ ቦታው ላይ ነው? አወራወር የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ ያውም አንድ ነገር ብቻ፣ አንድ በአንድ። ያን ቅዳሜ እያንዳንዳችን በአንዴ አምስት ነገር ቀይረን ስለነበር የትኛው እንደጎዳን እንኳ ማወቅ አልቻልንም።

ሦስተኛ፣ ማጨሻ ይሠራል። ማለትም ርቀቱ ወደ አምስት እርምጃ ይወርዳል፣ ኢላማው ከጆንያው ላይ ይነሳል፣ ከተቻለም ዓይን ይጨፈናል። ይኼ የኛ ፈጠራ አይደለም፤ የዓለም ወርዋሪዎች ኢላማ ባዩ ቁጥር እጃቸው ቀድሞ ሲለቅባቸው የሚመለሱበት መድኃኒት ነው። ከአምስት እርምጃ ጆንያ አይሳትም። የማይሳት ነገር ፊት ፍርሃት ሥራ ያጣል። ያኔ ጣትህ ምን እንደሚሠራ መስማት ትጀምራለህ። አንድ ንጹህ ፍላጻ ከተለቀቀ ዕለቱ በዚያ ይዘጋል።

አራተኛ፣ አንድ መስመር ይጻፋል፤ ስድብ የለበትም። የዚያን ቅዳሜውን ዘግይተን ጻፍነው፦ “ላባ ረጥቦ ነበር፤ ሁለት ሰው አልበላም፤ ከ20ኛው ፍላጻ በኋላ ክርን ወረደ።” እንዲህ ሲጻፍ እንዴት ትንሽ ነው! ለዚህ ነበር አራት ሰው ተኮራርፎ የወረደው?

አምስተኛ፣ ፍርፍር ሳይበላ ግምገማ የለም። ይኼ አገር በባዶ ሆድ በተካሄደ ግምገማ ብዙ ተጎድቷል።

የተሰነጠቀውን ደጋን በሽቦ አስረን እንጠቀምበት ያለ ነበር። አልተስማማንም። የተሰነጠቀ ደጋን ሲሳብ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እሱ እሳት ያየ ገል ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ ተመለሰ። ሌላ ደጋን ከሌላ ሰፈር ልጆች ተውሰን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳገቱን ወጣን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ሦስት ሰዓት ከአምስት እርምጃ በላይ ማንም አልራቀም። አንድ ሯጭ ቆሞ ሲያየን ቆየና “ቅርብ አይደለም እንዴ?” አለን። “ነው” አልነው።

ማጣሪያው ደረሰ። አንድ አራተኛችን አለፈ፤ ሦስት አራተኛችን ወደቅን። ያለፈውም አንድ አራተኛ በሚቀጥለው ዙር ተሰናበተ። ሲመለስ መንገዱ ላይ ቆመን ጠበቅነው፤ አራት ሆነን ወረድን።

ባለፈው ሳምንት እማማ ቤት ቡና ስንጠጣ ያ የተሰነጠቀው ጀበና ትዝ አለን። ውሃ ውስጥ የጨመሩት ጭቃ መጨረሻው ምን እንደሆነ ጠየቅናቸው። ምጣድ ሆነ? ጀበና ሆነ? አሁን የምንጠጣበት እሱ ይሆን?

እማማ ሲኒ እየቀዱ ቀና አሉ።

“የትኛው?”